ቆመህም ተለካ

ወንድሜ ባየ፣

ሰላምታዬ ከሚዛን ጭቃ ተነስቶ እስከ ጅቡቲ ሐሩር ድረስ ሳይደክመው ይድረስህ። እንደምን ከረምክ? ባለቤትህ ሜሮን እንደምን ናት? ቴዲስ አባቱን በቁመት አለፈ ወይስ ገና ነው? እኛ እዚህ በእግዚአብሔር ቸርነት አለን። እማዬ ጉልበቷን ከሚያማት በቀር ደህና ናት። ዝናቡ ዘንድሮ በጊዜው አልወጣ ብሎ ቡናው ቀልቶ ሳለ ይወርድበታል፤ የተሰጣው ሁሉ ሲሸፈንና ሲገለጥ ይውላል፤ የሰዉ ዓይንም ሰማይ ሰማይ ሲያይ ይመሻል።

አሁን ደግሞ ጤናህን ሁለተኛ እጠይቅሃለሁ። የመጀመሪያው ለወጉ ነበር፤ ይሄኛው ግን መልስ የሚፈልግ ጥያቄ ነው። እንደ ልማድህ «እኔ ደህና ነኝ፣ ከናንተ ናፍቆት በቀር» ብለህ እንዳታልፈው። ታላቅህ ነኝ፤ ከዚያም ሌላ ሃያ ስድስት ዓመት ሰው ሲዋሸኝ የኖርኩ ነርስ ነኝ።

በጥቅምት የላክኸው ደብዳቤ ጅቡቲ በሚመላለሰው ሾፌር እጅ ደርሶኛል። ለእማዬ ጮክ ብዬ ሳነብላት አንድ ቦታ ላይ ስደርስ ዘልዬ አለፍኩ። ከአልጋህ ስትነሳ ዓይንህ እየጨለመብህ ግድግዳ እንደምትይዝ፣ መሥሪያ ቤት ከወንበርህ ብድግ ስትል ወድቀህ ግንባርህ እንደተሰፋ፣ ባልደረቦችህም ጠጥቶ ነው ብለው እንደሳቁብህ የጻፍክበትን ነው። ሐኪም የደም ግፊትህን ለክቶ ከፍ ብሎ ስላገኘው ክኒንህን እጥፍ አደረገልህ። አንተ ግን ነገሩን በቀልድ ጠቅልለህ፣ ሙቀቱ ነው እታለም፣ እዚህ አገር ቀጥ ብሎ የሚሄደው ግመል ብቻ ነው አልከኝ። ዝቅ ብለህም፣ ግንባሬ ቢሰፋም ለሰው መነሳቴን አልተውኩም፣ የአባባ ልጅ አይደለሁ እንዴ ብለህ ጻፍክ። እዚያ ላይ ስደርስ ወረቀቱን አጠፍኩና ሻይ ጥጄአለሁ ብዬ ወጣሁ። ሻይ አልጣድኩም።

በማግስቱ ቴሌ ሄጄ ነበር። ወረፋዬ ደርሶ ስልኩን ስይዝ ከኋላዬ ያሉት ሰዎች ትንፋሽ ማጅራቴ ላይ ነበር፤ የምነግርህ ነገር ደግሞ በሰው ፊት የሚነገር አይደለም። ከፍዬ ሳልደውል ተመለስኩ። ባየ፣ ዓመት ከመንፈቅ በሆዴ የያዝኩት ነገር አለ። ለእማዬ አልነገርኳትም፤ ለነፍስ አባቴ የነገርኳቸውም ግማሹን ነው። አሁን የምነግርህ አንተን ማሳዘን አምሮኝ አይደለም፤ ዝም ካልኩ አንተን ደግሞ እንዳልቀብርህ ፈርቼ ነው።

የአባባን ነገር ነው።

የቤታችንን ሕግ አትረሳውም። ሰው ከገባ መነሳት ነው። ሽማግሌ ይሁን፣ እሳት ልትጫር የተላከች የጎረቤት ልጅ ትሁን፣ አባባ ብድግ ብለው «ኖር!» ይላሉ፤ የገባውም «በእግዜር» ብሎ ካልተቀመጠ አይቀመጡም። አንድ ጊዜ እሾህ ወግቶህ እግርህ አብጦ ሳለ፣ የዕድር ጡሩምባ ነፊው ሲገባ ተቀምጠህ ብትቀር እንዴት እንዳዩህ ትዝ ይልሃል? በአንድ እግርህ እየዘለልክ ተነሳህ፤ ጡሩምባ ነፊውም አፍሮ ሳይቀመጥ ወጣ። እንዲህ ያለ ሰው ነው ስኳር የያዘው። አንተ ከሄድክ በኋላ ዐሥራ አራት ዓመት ከስኳር ጋር ኖሩ። የመጨረሻዎቹን ዓመታት እግራቸው ደንዝዞ ጫማቸው መንገድ ላይ ሲወልቅ እንኳ አያውቁም ነበር።

መውደቅ የጀመሩት በ1994 ነው። መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን ስብከት አልቆ ሰው ሲነሳ አብረው ተነስተው ወደቁ፤ ጾሙ ነው ተባለ። ቀጥሎ ለሽምግልና የተቀመጡበት ቤት አንድ ሰው ዘግይቶ ሲገባ ሊነሱለት ብለው እሱው ላይ ወደቁ። ያን ቀን ቤቱ ውስጥ ጠላ ስለነበረ ወሬው ሌላ ሆነ። በወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል አይደል፤ ጋሽ በዛብህ በስተርጅና መጠጥ ጀመሩ ተብሎ ከሚዛን እስከ አማን ተወራ። ስኳር ከያዛቸው ወዲህ ጠላ በከንፈራቸው ያልነኩ ሰው! ለሽምግልና የሚጠራቸው ጠፋ። እሳቸውም አንድም ቀን አልጠጣሁም ብለው አልተከላከሉም። በረንዳው ላይ ያለውን አልጋ ወደ መንገዱ አዙረው፣ የሚያልፈውን ሰው እያዩ መዋል ጀመሩ።

በየነችን ታስታውሳታለህ፣ ጎደሬ የምታመጣልንን የቤንች ሴት። አንድ ቅዳሜ ዘምቢሏን አስቀምጣ ቆም አለችና አባባን አየት አድርጋ እንዲህ አለችኝ፤ «አንቺ ሐኪም ነሽ፣ እኔ አላውቅም። ግን ይሄ ሰውዬ ተኝቶ ደህና ነው፤ ሲቆም ነው የሚታመም።» እኔ ምን እንዳልኳት ልንገርህ? ሳቅሁ። ግፊት የሚታወቀው በመለኪያ እንጂ በማየት አይደለም አልኳት። እሷም እሺ ብላ ጎደሬዋን ቆጥራልኝ ሄደች። ባየ፣ ፊደል ያልቆጠረች ሴት በዓይኗ ያየችውን በሽታ እኔ በመሣሪያ አጣሁት።

ያጣሁትም በምን እንደሆነ ስማ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከክሊኒኩ መለኪያውን ይዤ እመጣለሁ። አባባ በረንዳው ላይ ተጋድመው አገኛቸዋለሁ። ነጭ ጋወን ስለለበስኩ እንደ እንግዳ ቆጥረውኝ ሊነሱ በክንዳቸው ሲደገፉ፣ እኔ ሮጥ ብዬ ደረታቸውን እይዛለሁ፤ «አባባ አይነሱ፣ እኔ ነኝ» እላለሁ። እሳቸውም ስቀው ይጋደማሉ። ለዓለም ሁሉ የሚነሳ ሰው ለእኔ ብቻ ይተኛል ብዬ በልቤ እኮራበት ነበር። እንደተኙ ክንዳቸውን አስሬ እለካለሁ፤ መቶ ሰማንያ፣ መቶ ዘጠና። ልባቸው ደግሞ ተኝተው እንኳ በደቂቃ መቶ አራት ጊዜ ትመታለች። ወሬው አናድዷቸው ነው እያልኩ ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ። ደብተሩ አሁንም አለ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገጽ አንድም ጊዜ ቆመው አልተለኩም። አባቴን አክብሬ፣ አላስነሳም ብዬ፣ በአክብሮቴ ነው የሳትኩት።

ቁጥሩ ከፍ ባለ ቁጥር ክኒኑን ጨመርኩ። ሐኪሙ የጻፈላቸው አንድ ነበር፤ ሁለት ያደረግሁት እኔ ነኝ። የሚያሸናውንም ክኒን የጨመርኩት እኔ ነኝ። ማንንም አልጠየቅሁም። ልጃቸው ነኝ፣ ነርስ ነኝ፣ ማን ይበልጠኛል ብዬ። መውደቃቸውን ስሰማም ግፊቱ ወጥቶባቸው ነው እያልኩ ሌላ እጨምራለሁ። እንዲህ ነው የኖርነው፤ እሳቸው ይወድቃሉ፣ እኔ እጨምራለሁ።

በግንቦት 1995 ራሔል ልጄ ማጂ ላይ ልትወልድ ስለሆነ ላርሳት ሄድኩ። መንገዱን ታውቀዋለህ፤ ሲዘንብ መኪናውን ሰው ነው የሚሸከመው። ከመሄዴ በፊት የክኒኑን አወሳሰድ ለእማዬ በጣቷ አስቆጥሬ አስጠናኋት፤ ጠዋት ሁለት፣ ማታ ሁለት። እማዬ ደግሞ አደራ የምትበላ ሴት አይደለችም። አንድም ቀን ሳታጓድል ሰጠቻቸው።

ራሔል ወንድ ወለደች። ክርስትናው ስላልደረሰ ስም እንዲያወጡለት የተጠየቁት አባባ ነበሩ፤ የመጀመሪያ የልጅ ልጃቸው ልጅ ነዋ። ሰኔ 7 ቀን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ በጭቃ እንደተለወስኩ፣ ማጂ የሰጡኝን የማር እንስራ ታቅፌ በደጁ ገባሁ። እማዬ ከውስጥ አይታኝ «የዓለምዬ መጣች! ወንድ ነው!» ብላ እልል አለች። አባባ እንደ ልማዳቸው በረንዳው ላይ ተጋድመው ነበር። እኔ ገና ከአጥሩ በር ነኝ፤ እጄም በእንስራው ተይዟል፤ እንደ ሌላው ቅዳሜ ሮጬ ደረታቸውን ልይዝ አልቻልኩም። እግራቸውን ከአልጋው አወረዱና እንደ ወጣት በአንድ ጊዜ ብድግ አሉ። ቀጥ ብለው ቆሙ፤ በሕይወቴ እንዲያ ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም። «ኖር! ኖር የዓለም! ኖር አያቲቱ!» አሉ።

«በእግዜር» ልል አፌን ስከፍት ዓይናቸው ከእኔ ሸሸ። እጃቸው ምሰሶውን ፈለገ፣ አላገኘውም። በረንዳው ላይ ያለው የድንጋይ ደረጃ ላይ በራሳቸው ወደቁ። እንስራውን ጥዬ ስደርስ አልሰሙኝም። ሦስት ቀን ዓይናቸውን ሳይገልጡ ቆዩ፤ በሦስተኛው ቀን አለፉ።

ለቅሶ የመጣ ሁሉ አንድ ነገር ነው ያለው። ደስታው ግፊቱን ጨመረበት፣ እንዲህ ያለ አሟሟት ለማን ይገኛል አሉ። እኔም አዎ አልኩ። በስልክ ላንተም ግፊት ነው አልኩህ። አንተ እያለቀስክ፣ አንቺ አጠገባቸው ስለነበርሽ እግዚአብሔር ይስጥሽ፣ እንደኔ ከሩቅ ከመዋል ያድናል አልከኝ። ምርቃትህን ተቀብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ክኒኑን ማንንም ሳልጠይቅ መጨመሬን ግን ያን ቀንም አልነገርኩህም።

እውነቱን ያወቅሁት በዚህ ዓመት መስከረም መጨረሻ ነው። ጅማ ላይ ስለ ስኳርና ስለ ግፊት የአምስት ቀን ስልጠና ተጠርቼ ነበር። በዕድሜ ልጄ የምትሆን አንዲት ሐኪም ናት ያስተማረችን። በሦስተኛው ቀን፣ ከናንተ ውስጥ የስኳር ሕመምተኛን አስቁሞ የሚለካ እጁን ያውጣ አለች። ከአርባ ሰው አንድም እጅ አልወጣም። ሌላው ሳቀ፤ እኔ ግን የቅዳሜው ደብተሬ ታወሰኝ።

ያለችውን እንደገባኝ ልጻፍልህ፤ አንተም በደንብ አንብበው። ስኳር ለብዙ ዓመት ሲቆይ ነርቭን ይጎዳል። እኛ የምናውቀው የእግሩን ነርቭ ነው፤ ማቃጠሉንና መደንዘዙን። ነገር ግን ሳናዝዘው ልብንና የደም ሥርን የሚያስተዳድር ሌላ ነርቭ አለ፤ እሱንም ይጎዳዋል። መጀመሪያ የሚጎዳው ልብን የሚያረጋጋው ነው፤ የሚያስሮጠው ብቻውን ይቀርና ልብ ያለ ነገሩ ትፈጥናለች፣ ግፊትም ይወጣል። እኔ ንዴት ነው ብዬ የጻፍኩት መቶ አራት ያ ነበር። እየቆየ ሲሄድ የሚያስሮጠውም ይደክማል። ሰው ሲነሳ ደሙ ወደ እግሩ ይወርዳል፤ በጤነኛው ሰው ነርቩ ወዲያው የደም ሥሮቹን ጠበቅ በሉ ብሎ ደሙን ወደ ላይ ይመልሰዋል። በተጎዳው ሰው ግን ትእዛዙ አይደርስም፤ ራስ ደም ያጣል፤ ሰውየው ይወድቃል። ሲተኛ ደግሞ ከፍ ያለውን ግፊት ዝቅ የሚያደርግለት ያው የተጎዳው ነርቭ ስለሆነ፣ ግፊቱ እንደ ወጣ ይቀራል። አንድ ሰው ተኝቶ ግፊቱ ከፍተኛ፣ ቆሞ ደግሞ ዝቅተኛ ይሆናል ማለት ነው። ተኝቶ ብቻ የለካው ሰው መድኃኒት ይጨምራል፤ የጨመረው መድኃኒት ደግሞ ሲቆም ይጥለዋል።

አባባ ቡና ማጠቢያው ላይ የውሃ በር ሲጠብቁ ምሳ ይዘንላቸው የምንሄደው ትዝ አለኝ። ከላይ ፊሽካ ሲነፋ ከፈት፣ ሲነፋ ዘጋ ያደርጉ ነበር። አንድ ቀን ፊሽካ ነፊው ታሞ ቀርቶ ውሃው የትም ሲፈስ ዋለ። አባባ ጤነኛ፣ በሩ ጤነኛ፣ ውሃውም ሞልቶ ነበር፤ የጎደለው ፊሽካው ብቻ ነው። ሐኪሟ ስታስተምር እኔ ያን ቦይ ነበር የማየው። ሻይ ሰዓት ላይ ሌላው ሲወጣ ወንበሬ ላይ ቀረሁ፤ ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፣ መሃረቤ ረጠበ። ደስታው አይደለም ባየ፤ ግፊታቸው ወጥቶም አይደለም። ወርዶ ነው። ያወረደውም የእኔ ክኒን ነው።

ሐኪሟን ብቻዋን አግኝቼ ነገርኳት። ስኳሩና ዕድሜውም ድርሻ አላቸው፣ በዚያ ጊዜ ብዙዎቻችን ይህን አናውቅም ነበር አለችኝ። ልታጽናናኝ መሆኑን አውቃለሁ። ቢሆንም የክኒኑን ቁጥር በእማዬ ጣት ላይ ያስቆጠርኳት እኔ ነኝ፤ ይህን ማንም አያነሳልኝም።

አሁን ደብዳቤህን ከዚህ ጋር አስተያየው። ስኳር ከያዘህ ዘጠኝ ዓመትህ ነው። ስትነሳ ይጨልምብሃል። ትወድቃለህ። ጠጪ ተብለሃል። ክኒንህ እጥፍ ሆኗል። ጅቡቲ ደግሞ ሙቀቱ ውሃህን መጥጦ ነገሩን ያባብሰዋል። ባየ፣ የአባባን መንገድ እርምጃ በእርምጃ እየሄድክበት ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እኔ ጥፋቴን ደብቄ አንተን መድኃኒት ላሳጣህ አልችልም።

ይህን ደብዳቤ ባነበብክ በማግስቱ ሐኪሙ ዘንድ ሂድ። አምስት ደቂቃ ተኝተህ ይለካህ። ከዚያ አስቁሞ በአንድ ደቂቃ፣ ደግሞ በሦስት ደቂቃ ይለካህ። የላይኛው ቁጥር በሃያ ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ አባታችን በዚህ ሞተዋል በለው፤ የእኔን ጥፋት ሳትቀንስ ንገረው፣ አላፍርም። ክኒኑን ግን በራስህ እንዳታቆም፤ ማቆሙም መቀነሱም የሐኪሙ ነው። በራስ ፈቃድ መድኃኒት መነካካት ምን እንደሚያመጣ አይተናል። ከአልጋ ስትነሳ ቀስ በል፤ መጀመሪያ ቁጭ፣ እግርህን አንቀሳቅስ፣ ትንሽ ቆይተህ ተነስ። ሐኪሙ ካልከለከለህ ውሃ ጠጣ። ሜሮን ይህን ለብቻዋ ታንብበው፤ አንተ በቀልድ እንደምታልፈው አውቃለሁ።

አንድ ነገር አደራ። ለእማዬ እንዳትነግራት። ሰው ሲጠይቃት «በደስታ ነው የሞተልኝ» ትላለች፤ ስትለው ፊቷ ይፈታል። ክኒኑን በእጇ የሰጠችው እሷ መሆኗን ካሰበችው አንድ ሌሊት አታድርም። ያንን ሸክም ለእኔ ተውልኝ፤ ለምጄዋለሁ። አንተ ልትቆጣኝ መብትህ ነው፤ ተቆጣኝ። ብቻ ከተለካህ በኋላ ተቆጣኝ።

እማዬ እንዲህ በይልኝ ብላኛለች፤ ዓይኔ ሳይጠፋ ልይህ፣ የቴዲን ፎቶ ላክልኝ። የላከችልህን ኮረሪማ ሾፌሩ ይሰጥሃል፤ ሜሮን ወጥ ውስጥ ጣል ስታደርግ አገርህ ይሸትሃል። ራሔል ከማጂ እጅ ነስታለች፤ ልጇ ሮጦ አይያዝም፣ ስሙ በዛብህ ነው፤ አባባ ሳያወጡለት ቢቀሩ እኛ አወጣንለት። በየነች ሰላም ብላሃለች። ሄጄ ይቅርታ ጠይቄያታለሁ፤ ምኑን እንደሆነ አልገባትም፣ ብቻ ጎደሬ መረቀችልኝ። ሜሮንን ሁለት ጉንጯን፣ ቴዲን ግንባሩን ሳምልኝ።

ለጥምቀት ፈቃድ ጠይቄያለሁ። እስከ ድሬዳዋ በአውቶቡስ፣ ከዚያ በባቡር መጥቼ አንተው ቤት እገባለሁ፤ መለኪያዬንም ይዤ እመጣለሁ። በሩን ስከፍት እታለም መጣች ሲሉህ ደስታ እንደሚያጣድፍህና ልትነሳልኝ እንደምትል አውቃለሁ። እባክህን ወንድሜ፣ አትነሳ። ወንበርህ ላይ እንዳለህ «ኖር» በለኝ። ለአባባ ሳልመልስላቸው አፌ ላይ የቀረውን «በእግዜር» ያኔ ላንተ እመልሰዋለሁ።

እህትህ የዓለምዘርፍ በዛብህ
ሚዛን ተፈሪ፣ ኅዳር 14 ቀን 1997 ዓ.ም.